ወንድሜ ከዴንቨር የገዛልኝን የአየር ማስገቢያ ልግጠመው?

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ሥራዬ ቱሪስት ማመላለስ ነው። መኪናዬ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ እኛ ሾፌሮቹ ዋን ኤች ዜድ የምንለው። ከክረምት በኋላ ደናኪል እወርዳለሁ፤ በሌላው ጊዜ ኦሞ ነኝ። መኪናዋን ስገዛ የገንዘቡን ግማሽ የሰጠኝ ዴንቨር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ይህን አልረሳሁም። እሱም እንድረሳው የሚፈልግ አይመስለኝም።

ችግሯ ዳገት ነው። በተለይ ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ስወጣ አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኜ ታቃስታለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። የሚገርመኝ ደናኪል ወርጄ ሙቀቱ ከ40 ሲያልፍ ጉልበት አያንሳትም። ይህን አንድ ቀን በስልክ ለወንድሜ አጫወትኩት። እሱ ጂፕ አለው፤ ቅዳሜና እሁድ ተራራ ይወጣበታል። «ይሄማ ቀላል ነው» አለና ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ ዕቃ በ380 ዶላር ገዛልኝ። ፎቶውን ልኮልኛል፤ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦና ጫፉ ላይ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአክስታችን ልጅ ይዞት ይመጣል።

መካኒኬ ፎቶውን ሲያይ «ይህን ከገጠምክ ሌላ ጋራዥ ፈልግ» አለኝ። አንድ ባልደረባዬ ግን ሃይሉክሱ ላይ ገጥሞ «መኪናዬ በረረች» ይላል፤ እውነትም ድምፁ ተለውጧል። መካኒኩ ያለውን ለወንድሜ ብነግረው «እነሱ ምን ያውቃሉ፣ እዚህ ሁሉም ነው የሚገጥመው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። እናታችን «የወንድምህን ፊት አታጥቁር» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «ሞተሩ ቢበላሽ የልጆቹን ትምህርት ቤት ወንድምህ ሊከፍል ነው?» ትላለች። ለመሆኑ ዕቃው እውነት ይጠቅማል? ካልጠቀመስ ወንድሜን ሳላስቀይም ምን ልበለው?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

ወንድሜ፣ ያለህ ሁለት ሳምንት ነውና ዳር ዳር አልልም። ያንን ዕቃ በዚህች መኪናና በዚህ ሥራ ላይ አትግጠመው። መካኒክህ አነጋገሩ ከረር ቢልም ያለው ልክ ነው። ወንድምህም ግን ሞኝ አይደለም። እሱ በሚነዳው መኪናና በሚነዳበት መንገድ ካየኸው ያለው ነገር ውሃ ይቋጥራል። ችግሩ የሁለታችሁ መኪና አንድ አለመሆኑ ነው።

መጀመሪያ ራስህ የጻፍከውን አንድ ነገር ላንሳ። ደናኪል ላይ ሙቀቱ ከ40 አልፎም ጉልበት አያንሳትም ብለሃል። እስቲ አስበው፤ ችግሯ ሞቃት አየር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትደክመው እዚያ አልነበረም? ዶርዜ እኮ ብርድ ነው። እንግዶችህ ጃኬት ፍለጋ ሻንጣ የሚከፍቱበት ቦታ ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደልብ ባለበት ነው እንግዲህ የምታቃስተው።

ነገሩ ከፍታው ነው። ሞተር ቅዝቃዜውን ለራሱ ለቅዝቃዜው ብሎ አይፈልገውም፤ የሚፈልገው ኦክስጅን ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚወደደው ከሞቃቱ ስለሚከብድና በአንድ ትንፋሽ ብዙ ኦክስጅን ስለሚያስገባ ነው። በግምት ሙቀቱ 3 ዲግሪ ሲቀንስ አየሩ 1 በመቶ ያህል ይከብዳል። ከፍታ ግን የሚወስድብህ አንድና ሁለት በመቶ አይደለም። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የምትስበው አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ወደ ዶርዜና ጨንቻ ስትወጣ ይብስበታል። ደናኪል ያለው ዳሎል ግን ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ እየነደደ እንኳ ሒሳቡን ብትሠራው፣ አንድ ሊትር የዳሎል አየር ከአንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር በሩብ ያህል የሚበልጥ ኦክስጅን ይይዛል። መኪናህ እዚያ ወርዳ የምትበረታው ለዚህ ነው። ቱርቦ የላትማ! አየር የሚገፋላት የለም፤ ያገኘችውን ነው የምትተነፍሰው።

እንግዲህ ያ ቀይ ፊልትሮ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉን ይመልስልሃል? በጣም ቸር ሆነን 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር አመጣ እንበል። 3 በመቶ ገደማ ነው። ሞተርህ አዲስ ሳለ፣ በባሕር ወለል ላይ፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው። 3 በመቶው አራት ፈረስ አይሞላም። ያውም ሙሉ በሙሉ ብታገኘው ነው። በናፍጣ ሞተር ጉልበቱን በዋናነት የሚወስነው ፖምፓው የሚሰጠው ነዳጅ ነው፤ አየሩ በጥቂቱ ሲጨምር ጭሱ ትንሽ ይሳሳል፣ የምታቃስተው ግን ያው ታቃስታለች።

ያ 10 ዲግሪስ ራሱ ከየት ይመጣል? ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ክፈትና ወደ ፊልትሮው ቤት የሚገባውን ቱቦ በእጅህ እየዳሰስክ ተከተለው። ስኖርክል፣ ያ ከጎን ወደ ጣሪያው የሚወጣው ቱቦ፣ ካልገጠምክላት ፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ያለው የጎን ቆርቆሮ) ውስጥ ገብቶ ታገኘዋለህ። ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ የምትስበው የውጭውን አየር ነው እንጂ ሞተሩ አጠገብ የጋለውን አይደለም። ወንድምህ የላከውን ፎቶ ደግሞ ደግመህ እየው። ከገለጽክልኝ እንደተረዳሁት ፊልትሮው ክፍት ነው፤ የሚከልለው ሳጥን የለም። እሱ ከተገጠመ አየር የሚስበው ከራዲያተሩ ጀርባ፣ ከሞተሩ ጎን ነው። አስፋልት ላይ ስትፈጥን ነፋሱ ያግዘዋል። ድንጋይ ላይ በአንደኛ ማርሽ ስትሳብ ግን ኮፈን ሥር ያለው አየር ከውጭው በ20 እና በ30 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ለቅዝቃዜ የተከፈለበት ዕቃ የጋለ አየር ያጠጣታል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የአንተ ሞተር አሜሪካ ውስጥ በይፋ ተሽጦ አያውቅም። ስለዚህ ያ ዕቃ ወይ ለቤንዚን ላንድክሩዘር የተሠራ ነው፣ ወይ «ለሁሉም ይሆናል» ከሚባለው ዓይነት ነው። ሁለቱም የሚያደርሱህ አንድ ቦታ ነው፦ ጋራዥ ውስጥ ቱቦ ሲቆረጥ፣ በላስቲክ ሲቀጣጠል፣ በፋሸታ ሲታሰር። ኮረኮንች ላይ ቀኑን ሙሉ የምትንቀጠቀጥ መኪና ላይ እያንዳንዷ መጋጠሚያ አንድ ቀን መላላቷ አይቀርም።

እኔን የሚያስፈራኝም እዚያ ላይ ያለው አቧራ ነው።

ሞተርህ በደቂቃ 2,500 ዙር ስትዞር 5,000 ሊትር ገደማ አየር ትውጣለች። በሰዓት 300 ሜትር ኪዩብ ነው፤ 100 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት ሙሉ አየር በለው። ደናኪል ላይ ደግሞ ብቻህን አትሄድም። ተከታትላችሁ ነው የምትሄዱት፣ ከፊትህ ሁለት ሦስት መኪና ያንን ላመ አቧራ እያነሳ። ያ አቧራ ውስጥ ሲሊካ አለበት። ሲሊካ ደግሞ ከፒስተን ቀለበቱ ብረት ይጠነክራል። ፊልትሮውን ካለፈ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ይህ በአንድ ቀን አይታይህም። መጀመሪያ ዘይት መብላት ትጀምራለች። ቀጥሎ ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። እዚያ ስትደርስ ሞተር ማውረድ ነው፣ የቱሪስት ወቅትም አንተን ቆሞ አይጠብቅም። የባለቤትህ ጥያቄ ጨከን ያለ ቢመስልም ልኩን የያዘ ነው።

ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከአቧራው ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። እንደዚያ ቀይ ፊልትሮ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ዘይት የሚቀባው የጥጥ ፊልትሮም ብዙውን ይይዛል። ግን አየር እንዲቀለው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከጥሩ ወረቀት ጥቂት ያንሳል። ይህቺን «ጥቂት» አትናቃት። ለምሳሌ አንዱ 99.5 በመቶ፣ ሌላው 98.5 በመቶ ያዘ እንበል። ስታየው የአንድ በመቶ ልዩነት ነው። ያመለጠውን ስትቆጥር ግን አንዱ ግማሽ በመቶ፣ ሌላው አንድ ተኩል በመቶ ነው ያሳለፈው። ሞተርህ ሦስት እጥፍ አቧራ በላች ማለት ነው።

«ይታጠባል እኮ፣ ከዚህ በኋላ ፊልትሮ መግዛት ቀረልህ» እንደሚልህም አውቃለሁ። ይታጠባል። ከዚያ ግን በደንብ ደርቆ፣ ዘይቱ በልኩ ተቀብቶ፣ ሰውነቱን ሁሉ እስኪያዳርስ መጠበቅ አለበት። ደናኪል፣ ሐመድ ኤላ ካምፕ ላይ፣ ነፋሱ አሸዋ እያመጣ፣ ይህን የት ትሠራዋለህ? ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያሳልፋል። ከበዛ ደግሞ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ያቆሽሻል። የአንተዋ አሮጌ ወዳጅ ያ ሴንሰር ስለሌላት ከዚህኛው ተርፈሃል። የባልደረባህ ሃይሉክስ ግን አዲስ ከሆነች ይኖራታልና ብትነግረው ጥሩ ነው።

ስለ ባልደረባህ ካነሳን አይቀር፣ «በረረች» ሲል የዋሸ አይመስለኝም። የሰማውን ነው የነገረህ። ክፍት ፊልትሮ የሞተሩን የመሳብ ድምፅ ያጎላዋል፣ ጆሮ ደግሞ ድምፅ ሲጨምር ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። ግን አንድ ነገር ጠይቀው፤ የድሮውን ፊልትሮ ሲያወጣው እንዴት ነበር? በአቧራ ታፍኖ ከነበረ ማንኛውም ንጹሕ ፊልትሮ ለውጥ ያመጣለታል፣ የገበያው ወረቀትም ቢሆን። የሱ መኪና ቱርቦ ካላት ደግሞ አየሩ መጀመሪያ ታምቆ ይግላል፣ ከዚያ ሞተር ከመግባቱ በፊት በኢንተርኩለሩ ይቀዘቅዛል፤ መግቢያው ላይ የተገኘች ትንሽ ቅዝቃዜ እዚያ ስትደርስ ብዙም አትቀርም።

ለፍትሕ ያህል፣ ይህ ዕቃ የሚጠቅመው ሰው አለ። ዱባይ ወይም ሳዑዲ ዘመድ ካለህ በኒሳን ፓትሮል የአሸዋ ተራራ የሚወጡትን ጠይቀው። ትልቅ ቱርቦ ገጥመዋል፣ ኮምፒውተሩን አስተካክለዋል፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጠው ነው የሚወጡት። እዚያ የፋብሪካው መግቢያ ጠቦ ስለሚያንቃቸው ሰፊ ቱቦ ግዴታ ይሆናል። የወንድምህ ጂፕም ቤንዚን ከሆነች በከፍተኛ ዙር ላይ ጥቂት ፈረስ ልትጨምር ትችላለች፣ ድምጿም ያምራል። ለቅዳሜ መዝናኛ ምን አለበት? የአንተ ሥራ ግን ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ባለው ውስጥ ነው የሚያልቀው። እዚያ ላይ ሞተሩ የፋብሪካው ቱቦ ጠበበኝ አይልም። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለውንም ቢያነሳብህ፣ አሜሪካ ያለው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ላይ ሞክሮት ነበር። ፊልትሮው ታፍኖ እንኳ የነዳጅ ፍጆታው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ የጎዳው መኪናው ሲፈጥን ያለውን ጉልበት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ዶርዜ ላይ መድከም የጀመረችው ከገዛሃት ቀን አንስቶ ነው ወይስ በቅርቡ? ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሆነ አብዛኛው ከፍታውና ጭነቱ ነው። ቱርቦ የሌላት መኪና እዚያ ላይ ፈጣን አትሆንም፣ ቀስ ብለህ ትወጣለህ። ጣሪያው ላይ የምትጭነውንም አንዴ ፈትሸው፤ ከዳገቱ በፊት አርባ ምንጭ ሆቴል ሊቀመጥ የሚችል ስንት ነገር አለ! በቅርቡ የመጣ ከሆነ ግን ጥቁሩ ጭስ እየነገረህ ያለው ነገር አለ። የሚቃጠለው ነዳጅ ከአየሩ በልጧል። ወይ ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይ ነዳጅ የሚረጩት ኖዝሎች ደክመዋል፣ ወይ ፖምፓው ልኩን ስቷል።

ከፊልትሮው ጀምር፤ ርካሹ እሱ ነው። አውጣውና መብራት ከውስጥ አብራበት፣ ቀዳዳ ወይም የተቀደደ እጥፋት ካየህ ወዲያውኑ ይጣል። ደህና ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ያለ አየር ንፋው። ብዙ ሾፌር እንደሚያደርገው ጎማ ላይ አትደብድበው። አቧራው ሲበን የጸዳ ይመስልሃል፣ ግን የሚያሽገው ጠርዝ ይጣመምና ከዚያ ወዲያ አቧራው በጎን በኩል ይገባል። ክብ የቆርቆሮ ቤት ካላት ከሥሩ አንዲት ላስቲክ አለች። አየሩ ሲሽከረከር የሚወድቀው ከባዱ አቧራ የሚወጣው በእሷ ነው። በረሃ ስትሆን ማታ ማታ ጨመቅ አድርጋትና አራግፋት። ከዚያ ዋናውን ምርመራ አድርግ፤ ከፊልትሮው አልፎ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ደህና ነህ። አቧራ ከያዘ ግን ቱሪስት ከመጫንህ በፊት የሚያስገባውን ቦታ ፈልግ። አዲስ ስትገዛም ሶማሌ ተራ ርካሹን አንስተህ አትሩጥ። ላስቲኩን ተጫነው፣ ድርቅ ካለብህ አይሆንህም። እጥፋቶቹም ጥቅጥቅ ያሉና እኩል መሆን አለባቸው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ጭሱ ካልቀነሰ ወደ ፖምፓ ሠሪ ውሰዳት። አንዳንዱ ፖምፓ ከፍታ ላይ ነዳጁን የሚቀንስ ክፍል አለው፤ ያንተ ፖምፓ ይህ ክፍል ይኖረው እንደሆነ፣ ካለውም ይሠራ እንደሆነ ይይልህ። ኖዝሎቹንም ያስለካልህ። ይህ ለዶርዜ ከማንኛውም ቀይ ፊልትሮ ይበልጥ ይጠቅምሃል።

በመግቢያው በኩል ገንዘብ ማውጣት ካማረህ እኔ የምመርጥልህ ቅድም ያነሳሁትን ስኖርክል ነው። እሱም ጉልበት አይሰጥህም። ግን አየር የምትስበው ከላይ፣ አቧራው ከሚሳሳበት ይሆናል። ኦሞ አካባቢ ወንዝ ስትሻገርም ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ይጠብቅሃል። ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ አይታመቅምና ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ይታጠፋል። ሲገጠም ግን መጋጠሚያዎቹን ቆመህ እይ። ለማሳመር ብቻ የተገጠሙ ብዙ አሉ። ሲያልቅ ሞተሩን አስነሳና አፉን በጠፍጣፋ ጣውላ ለአፍታ ክደነው። ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ ከፈለገ በደንብ ታሽጓል። ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ከቀጠለ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ወንድምህ እንምጣ። ስልኩን የዘጋብህ ስለ ቱቦው ነው ብለህ ታስባለህ? እኔ አይመስለኝም። ሰውየው መኪናዋን በግማሽ ገዝቷታል፣ ግን ተቀምጦባት አያውቅም። አንተ ዳገት ላይ ደከመችብኝ ስትለው አንድ የሚያውቀውን ነገር አገኘ። ተደሰተ፣ ገዛ። ከዚያ «መካኒኩ አይሆንም አለ» የሚል መልስ ደረሰው። ከሱና ከመካኒኩ መካኒኩን የመረጥክ መሰለው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስትደውል የመካኒኩን ስም አታንሳ፤ ነጂዋ አንተ ነህ፣ በራስህ አፍ ንገረው። እናታችሁንም ከነገሩ አውጣት፤ አማላጅ ከገባ ጉዳዩ የፊልትሮ መሆኑ ይቀርና የክብር ይሆናል።

መልእክት አትጻፍለት፣ በቪዲዮ ደውልለት። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ብትደውል እሱ ጋ ገና ጠዋት ነው፣ ሥራም የለበትም። ኮፈኑን ከፍተህ ጠብቀው። ቱቦው ፓራፋንጎ ውስጥ ሲገባ አሳየው፣ የፊልትሮውን ቤት ክፈትለት፣ ከደናኪል ያመጣኸውን አቧራ አሳየው። እንዲህ ልትለው ትችላለህ፦ «ጋሼ፣ ስላሰብክልኝ ደስ ብሎኛል። ዕቃውን ሳየው ግን ያንተ መንገድ ላይ እንጂ እኔ መንገድ ላይ አይሆንም። እኔ አቧራ ውስጥ ነው የምውለው። እስቲ እየው፣ አንተ ብትሆን ትገጥመዋለህ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠይቀህ ዝም በል፣ እሱ ይናገር። ጂፕ ነድቶ ተራራ የሚወጣ ሰው አቧራ ሲያሳዩት ይገባዋል።

ከዚያ በባዶ እጁ አትተወው፤ ሌላ ነገር ለምነው። ዕቃው ካልተከፈተ የገዛበት ቦታ ይመልስለት እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቅ። በምትኩ ጎማ የሚነፋ ጠንካራ ባለ 12 ቮልት ኮምፕረሰርና የጎማ አየር መለኪያ ይላክልህ። ለየትኛውም መኪና ይሆናል፣ ሞተሩን አይነካም። አሸዋ ላይ የጎማውን አየር ወደ 20 ፒኤስአይ ዝቅ ስታደርግ መኪናዋ አራት ፈረስ ተጨምሮላት ከምታገኘው እጅግ የሚበልጥ ለውጥ ታያለህ። አብዛኛው ሾፌር የማያደርገው መልሶ የሚነፋበት ስለሌለው ነው። አስፋልት ከመድረስህ በፊት መልሰህ መንፋትህን ግን አትርሳ። እየነፋህ ሳለ ቪዲዮ ቅረጽና ላክለት፤ ከዚያ በኋላ የመኪናዋን ወሬ ችግር ሲመጣ ብቻ አትንገረው።

ከመደወልህ በፊት ለባለቤትህ ምን እንደወሰንክ ንገራት። እሷ የፈራችው ወንድምህን አይደለም፣ ይሉኝታ ይዞህ እንዳትገጥመው ነው።

ይህን ሁሉ ብለኸው እምቢ ቢል፣ ወይም መመለሻው ቀን አልፎ ቢሆንስ? ተቀበለው፣ አመስግነው። ግን «ገጥሜዋለሁ» ብለህ አትዋሽ። አንድ ቀን መጥቶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ያኔ የሚሰማው ቅሬታ ከአሁኑ የከፋ ነው። አልገጠምኩትም፣ ለሚሆነው መኪና ልሸጠው ነው በለው። ስትሸጠውም በገንዘቡ ኮምፕረሰሩን ግዛና ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክለት።